የባሕሩ ሣር በጥር የት ይሄዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ዝዋይ ሐይቅ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ስጽፍ የባሕር ሣርን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጌው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ብቻ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች መጡ። በጣም ደስ ብሎኛል። አራት ኪሎ ባዮሎጂ ተምሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሞንፔሊየ ስሄድ የተሰጠኝ ሥራ ቶ በሚባለው ላጉን ውስጥ የሣር ቅጠል መለካት ነበር። ከዚያ ውሃ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ሣሩ ግን ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ላጉን ማለት በቀጭን የአሸዋ መሬት ከባሕሩ ተከልሎ፣ በጠባብ በር ብቻ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው፤ ጥልቀቱም አነስተኛ ነው። የባሕር ሣር ደግሞ በዚያ ውሃ ሥር፣ አሸዋና ጭቃ ላይ የሚበቅል ተክል ነው። ሥር፣ ግንድ፣ አበባና ዘር አለው።

ጥያቄ፦ ልጄ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሜዝ የምትባል የውሃ ዳር ከተማ ይኖራል። የገና ሰሞን ልጠይቀው ሄጄ ጥምቀትን እዚያው ዋልኩ። ደጁ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን ከጭቃና ከድንጋይ በቀር ምንም አላየሁም። በሐምሌ በስልክ የላከልኝ ፎቶ ላይ ያው ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ሞልቶበታል። በየዓመቱ ይሞታል? ወይስ የሚያጭደው ሰው አለ?
(አንዲት እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እትዬ፣ ማንም አላጨደውም። አልሞተምም። ልጅዎ ያለበት ውሃ እኔ የሠራሁበት ቶ ላጉን ነው፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ቦታው ዓይኔ ላይ መጣ። በጥር ያዩት ጭቃ ውስጥ ሣሩ ነበር።

የዚህ ሣር ትልቁ ምስጢር ከጭቃ በታች ነው። እዚያ አግድም የሚሄድ ግንድ አለው። በየአንጓው ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ያወጣል። ፀሐይ በበረታባቸው ወራት የሠራውን ስኳርና ስታርች የሚያስቀምጠው በዚህ ግንድ ውስጥ ነው። ብርሃን ሲቀንስ አብዛኛውን ቅጠሉን ይጥላል። ጥቂት አጫጭር ቅጠሎች ብቻ ያስቀርና ያጠራቀመውን እየበላ ይከርማል።

እኛ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች የብርሃን መቀነስን ብዙም አናውቀውም። እዚህ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሜዝ ግን በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በቀን ከ15 ሰዓት በላይ ትታያለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 9 ሰዓት ትወርዳለች። ያን ጊዜ ፀሐይዋ በሰማዩ ላይ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ከብርሃኗም ከሰኔው የበለጠ ድርሻ ውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ውሃውም በጥር እስከ 5 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ከየካቲት በኋላ ቀኑ ሲረዝም ግንዱ ይነቃል። በመጋቢት አዳዲስ ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ዕድገቱ ይፈጥናል፤ ሣሩ በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ የሚፋጠንበት ጊዜ የለም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሜዳው ጢም ብሎ ይሞላል። እርስዎ ፒያሳ ዝናቡን ሸሽተው ቤት ሲውሉ፣ ልጅዎ ፎቶ ያነሳው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ይደክማል። ይህ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ፀሐይ እያለ፣ ሙቀት እያለ በነሐሴ ለምን ይቆማል? ተክል እንደ እኛ ይተነፍሳል። ለመተንፈስ የሠራውን ስኳር ያቃጥላል። ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚያቃጥለው ይጨምራል። ምግብ የመሥራት አቅሙ ግን ከአንድ ደረጃ በኋላ አብሮ አይጨምርም። ቶ ውስጥ ካሉት ሁለት ዋና ዋና ዝርያዎች አንዱ ዞስቴራ ማሪና ይባላል። እሱን የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። በነሐሴ ውሃው 25 ዲግሪን ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚሠራው ከሚያቃጥለው ጋር እኩል መሆን ያቅተዋል። በዚያ ላይ ሜዳው ስለተጠቀጠቀ የላይኛው ቅጠል የታችኛውን ያጠላበታል። ሌላኛው፣ ቅጠለ ቀጭኑ ዞስቴራ ኖልቴይ፣ ዳር ዳሩን ይይዛል፤ ሙቀትንም የተሻለ ይችላል።

ሙቀት የዓመቱን ሥርዓት ጨርሶ ሲገለብጠው ማየት ከፈለጉ ሜክሲኮ አለችልዎት። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ያው ዞስቴራ ማሪና ይበቅላል። እዚያ የሙቀቱ ወራት እሳት ናቸው። ስለዚህ ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር ከዘር ይበቅላል፤ በብርዱ ወራት ያድጋል፤ በሚያዝያ ዘር ያፈራል፤ ከዚያ ግንዱም ሳይተርፍ ይሞታል። የሙቀቱን ወራት የሚሻገረው ዘሩ ብቻ ነው። ሴሪ የሚባሉት የአካባቢው ሰዎች ያን ዘር ሰብስበው፣ ቆልተውና ፈጭተው ከጥንት ጀምሮ ይመገቡት ነበር። ከባሕር ውስጥ እህል የሰበሰበ ሕዝብ ብርቅ ነው።

እና የወደቀው ቅጠል የት ይሄዳል? ጥቂቱ ዳር ላይ ተከምሮ ይደርቃል። ብዙው እዚያው ይበሰብሳል፤ ትናንሽ ሸርጣኖችና ትሎች ይበሉታል፤ እነሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ በሚያዝያ መጨረሻ ይሂዱ፣ እትዬ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውሃው ዳር ቆመው ወደ ታች ይመልከቱ። ከጭቃው የሚወጡት ቅጠሎች አዲስና ብሩህ አረንጓዴ ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ሣር ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበት ነገር ነው?
(ከሜክሲኮ አደባባይ)

መልስ፦ አይደለም። ያ አልጌ ነው። አልጌ ሥር የለውም፣ አያብብም፣ ዘር የለውም። የባሕር ሣር ያብባል፤ የብዙዎቹ ዝርያዎች የአበባ ዱቄትም ከአበባ ወደ አበባ የሚሄደው ውሃ ውስጥ ነው። ቅድመ አያቶቹ የየብስ ተክሎች ነበሩ። በዳይኖሰሮች ዘመን ገደማ ወደ ባሕር ተመለሱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉት ዝርያዎች 70 ገደማ ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው የአንዱ ዝርያ መጥፋት የሚያስፈራኝ፤ ተተኪው ብዙ አይደለም።

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር ስለ ባሕር ሣር እያነበብኩ ነው። አንዱ ጽሑፍ “ባዮማስ” ይላል፣ ሌላው “ምርታማነት” ይላል። ሁለቱ አንድ መስለውኝ ነበር፤ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። ደግሞስ ውሃ ውስጥ ያለ ቅጠል ስንት እንዳደገ እንዴት ይታወቃል?
(ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ነው። ፒያሳ ያለ አንድ ሱቅ አስቢ። ዛሬ ገብተሽ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ብትቆጥሪ፣ ባለቤቱ በዓመት ስንት እንደሸጠ አታውቂም። መደርደሪያው ግማሽ ሆኖ ገበያው የደራ ሊሆን ይችላል። ሞልቶም ሽያጩ የቆመ ሊሆን ይችላል። ባዮማስ መደርደሪያው ነው፤ በአንድ ቀን ቆሞ የተገኘው ሣር። ምርታማነት ደግሞ የዓመቱ ሽያጭ ነው።

ሜዳው ቆሞ ሳለ ከሥሩ ሥራ አይቋረጥም። አሮጌ ቅጠል ይወድቃል፣ አዲስ ይተካል። በዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ መለኪያዎች አማካይ ሲወሰድ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቆሞ የሚገኘው ሣር ከነግንዱና ከነሥሩ ሲደርቅ 460 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው ካሬ ሜትር በዓመት የሚያመርተው ግን 1 ኪሎ ያህል ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በሐምሌ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደሽ አጭደሽ ብትመዝኚ፣ ከዓመቱ ሥራ ብዙው ያመልጥሻል።

ጊዜያቸውም አይገጥምም። ለእትዬ እንደጻፍኩት ዕድገቱ የሚፈጥነው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ነው። ሜዳው የሚሞላው ግን ሳምንታት ቆይቶ ነው። በሐምሌ ስታይው ልምላሜው ያስደንቅሻል፤ የዕድገቱ ፍጥነት ግን ያን ጊዜ እየወረደ ነው። በአንድ ግራፍ ላይ ሁለቱን መስመር ሥዪ። ሁለቱ ጫፎች እንዴት እንደተራራቁ ስታዪ የሴሚናርሽ ግማሽ ያልቃል።

አለካኩን ደግሞ ላሳይሽ። የሚያስፈልገው ቀጭን መርፌ ነው፤ እኛ የሐኪም መርፌ ነበር የምንጠቀመው። የሣሩ ቅጠሎች ከሥር በአንድ ሽፋን ውስጥ ተሰብስበው ይወጣሉ። አዲሱ ቅጠል ከመሃል ነው፤ የሚያድገውም ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ከሥር አካባቢ በመርፌ ትወጊዋለሽ። ቀዳዳው በሁሉም ቅጠሎች ውስጥ አንድ ላይ ያልፋል። ምልክት ታስሪበትና ትተሽው ትሄጃለሽ።

ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ትነቅይዋለሽ። የሽፋኑ ቀዳዳ ባለበት ነው። ማደጉን የጨረሰው አሮጌ ቅጠል ቀዳዳም አልተንቀሳቀሰም። የወጣቶቹ ቅጠሎች ቀዳዳ ግን ወደ ላይ ወጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእነዚያ ቀናት ያደገው ነው። ቀዳዳ የሌለው ቅጠል ካገኘሽ ከተወጋ በኋላ የተወለደ ነው፤ ሙሉውን ትቆጥሪዋለሽ። አዲሱን ክፍል ቆርጠሽ፣ በ60 ዲግሪ አድርቀሽ ትመዝኛለሽ። ከዚያ በካሬ ሜትሩ ባሉት ቡቃያዎች ቁጥር ታባዣለሽ።

በየካቲት ቶ ውስጥ ይህን ስሠራ ጣቶቼ መርፌውን መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ይደነዝዙ ነበር። ቀዳዳዎቹም ከሁለት ሳምንት በኋላ እምብዛም አይራራቁም ነበር። በግንቦት ግን ያው መርፌ፣ ያው ቦታ፣ ጣት የሚያህል አዲስ ቅጠል ይሰጠኝ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ሣሩን በብርሃን አሳላፊና በጨለማ ክዳን ሸፍኖ ኦክሲጅኑን መለካት። እሱን ከመጽሐፍሽ ታገኚዋለሽ። በአንድ ነገር ግን አደራ። ቅጠሉን ብቻ የለካ ጥናት ከጭቃው በታች ያለውን ግንድና ሥር አልቆጠረም። ቁጥሮችን ስታወዳድሪ መጀመሪያ ይህን አጣሪ።

ጥያቄ፦ በረንዳዬ ላይ ጎመንና ቆስጣ አበቅላለሁ። ማዳበሪያ ሳደርግበት ይፋፋል። ታዲያ ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያ ላጉን ውስጥ ሲገባ የባሕር ሣሩ ይጠፋል ሲባል ሰማሁ። ይህ እንዴት ይሆናል?
(ከአምባሳደር አካባቢ)

መልስ፦ ለጎመንዎ ብርሃን የሚከለክለው የለም፤ ልዩነቱ እዚህ ነው። የባሕር ሣር ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ውሃው ላይ ካረፈው ብርሃን በአማካይ 11 በመቶ ያህሉ ከሥር ካልደረሰው አይኖርም። በውሃው ውስጥ ለሚንሳፈፉት ደቃቅ አልጌዎች ግን 1 በመቶ ይበቃቸዋል። ሣሩ ያን ያህል የሚፈልገው ቅጠሉን ብቻ ስለማይመግብ ነው። ጭቃው ውስጥ ኦክሲጅን የለም። ግንዱና ሥሩ የሚተነፍሱት ቅጠሉ በቀን ሠርቶ ወደ ታች የሚልክላቸውን ነው። ብርሃን ሲጎድል ይህ ይቋረጣል፤ ከጭቃው የሚወጣው መርዛማ ሰልፋይድ ወደ ሥሩ ይገባል።

ማዳበሪያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠቀሙት ደቃቆቹ አልጌዎች ናቸው። በቀናት ውስጥ ይባዛሉ። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ሌሎቹ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ራሱ ተለጥፈው ይሸፍኑታል። ሣሩ በልቶ ሳይጠግብ ጨለማ ይወርድበታል።

ይህ የሚሆንበት ወር ደግሞ ለውጥ ያመጣል። ውሃው በጥር ለአንድ ወር ቢደፈርስ ሣሩ ከጓዳው እየበላ ሊያልፈው ይችላል። በግንቦት ከደፈረሰ ግን ለዓመቱ የሚያጠራቅምበት ጊዜ ነው የሚቃጠለው። የዚያ ጉዳት በክፉዎቹ ወራት ቆይቶ ይታያል፤ ሰውም ሰበቡን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በስፔን ማር ሜኖር የሚባል ትልቅ ላጉን አለ። ዙሪያው የመስኖ እርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውሃው እንደ ሾርባ አረንጓዴ ሆነ፤ ከሥሩ ከነበረው ዕፅዋት 85 በመቶው ጠፋ። በ2019 ጥቅምት ላይ ዓሣው አየር አጥቶ ዳር ላይ ተቆልሎ ሞተ። የአካባቢው ሕዝብ ዝም አላለም። ከ600,000 በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በ2022 ስፔን ለላጉኑ እንደ ሰው የራሱ ሕጋዊ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ያን ዜና ሳነብ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

በፍሎሪዳ ኢንዲያን ሪቨር የሚባለው ላጉን ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በተደጋጋሚ በአልጌ ተሸፈነ። ከሣሩ ከግማሽ በላይ ጠፋ። እዚያ ማናቲ የሚባል፣ የውሃ ዕፅዋት የሚበላ ትልቅና ገራም የባሕር እንስሳ አለ። በብርዱ ወራት ሞቅ ያለ ውሃ ፍለጋ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የብርዱ ወራት ደግሞ ሣሩ በተፈጥሮው የሚያንስበት ነው። በ2021 በፍሎሪዳ 1,100 ያህል ማናቲዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ በረሃብ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰላጣ እየወረወሩ ሊያተርፏቸው ሞከሩ።

ግን ተስፋም አለ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ጠረፍ ያሉት ላጉኖች በ1930ዎቹ መጀመሪያ በበሽታና በ1933ቱ ማዕበል ሣራቸውን ሙሉ በሙሉ አጥተው ነበር። ለአስርት ዓመታት ባዶ ቀሩ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሳይንቲስቶችና በጎ ፈቃደኞች ዘር መዝራት ጀመሩ። ዘሩን በግንቦት ከሌላ ሜዳ ይሰበስባሉ፤ በሙቀቱ ወራት በገንዳ ያቆዩታል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይዘሩታል። ሣሩ ራሱ የሚዘራበትን ጊዜ ተከትለው ማለት ነው። ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር ከዘሩ በኋላ በ2020 ከ3,600 ሄክታር በላይ ሜዳ ሆኖ ነበር። ይህ የሆነው ውሃው ንጹሕ ስለነበረ ነው። ውሃው ካልጠራ ዘር መዝራት ድካም ብቻ ነው። ልጇ ሜዝ ለሚኖረው አንባቢያችንም የምጨምረው ይህ ነው፦ በቶ ዙሪያ የከተሞቹ ፍሳሽ እየተጣራ ከመጣ ወዲህ ሣሩ ተሽሎታል።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ ምፅዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበርኩ። እንደማስታውሰው በሐምሌና በነሐሴ ባሕሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሸሸበት ላይ ያለው ሣርም ደርቆ ይሸታል። በታኅሣሥና በጥር ውሃው ይመለሳል፣ ሣሩም ይለመልማል። ልጆቼ “ባሕር የሚሸሸው በየቀኑ እንጂ በየወቅቱ አይደለም” ይሉኛል። የማን እውነት ነው?
(ጡረተኛ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱ የእርስዎ ነው። በየቀኑ የሚሸሽና የሚመለስ ውሃም አለ፤ ቀይ ባሕር ግን ከዚያ ሌላ የወቅት ከፍታና ዝቅታ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን የሚነሳው ነፋስ ባሕሩን በሙሉ ርዝመቱ እየነፈሰ የላይኛውን ውሃ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ትነቱም ብርቱ ነው፤ ቀይ ባሕር በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውሃ በትነት ያጣል። በብርዱ ወራት ደቡቡ ላይ ነፋሱ ይገለበጣል፤ ውሃውን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከፍታው ይጨምራል። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ለጥ ባለ ዳርቻ ግማሽ ሜትር ብዙ መሬት ይገልጣል።

እዚያ ታዲያ የሣሩን ዓመት የሚመራው እንደ ፈረንሳይ የቀን ርዝመት አይደለም። ምፅዋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ብርሃን ሞልቷል። ችግሩ ሙቀቱና የውሃው መጉደል ነው። በሐምሌ ውሃው ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ዳር ላይ ያለው ሣር እኩለ ቀን ላይ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ቅጠሉ ይቃጠላል። የሸተተዎት እሱ ነው። ጠለቅ ያለው ሜዳ ግን ውሃ ስለሚሸፍነው ይተርፋል። ከዚያው ባሕር ሰሜን ጫፍ፣ አቃባ ላይ፣ ደግሞ ሃሎፊላ ስቲፑላሴያ የሚባለው ዝርያ የሚበዛው በሞቃቱ ወራት ነው። አንድ ባሕር፣ የተለያየ የዕድገት ወቅት።

በቀይ ባሕር ወደ 12 የሚጠጉ የሣር ዝርያዎች አሉ። በእድገት ፍጥነታቸው እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። ሃሎፊላ ኦቫሊስ የምትባለው ትንሿ ግንዷ በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በሜዲትራኒያን ያለው ፖሲዶንያ ግን በዓመት ከጥቂት ሴንቲሜትር አያልፍም። ዱጎንግ የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ ምናልባት ዳህላክ አካባቢ አይተውት ይሆናል፣ ፈጣኖቹን ዝርያዎች የሚመርጠው ለስላሳና ገንቢ ስለሆኑ ነው። በቀን ከ30 ኪሎ በላይ ይበላል፤ አሸዋው ላይ ቦይ ትቶ ያልፋል። ሣሩ ፈጣን ስለሆነ ቦዩን መልሶ ይሞላዋል።

ስለ ምፅዋ ካነሱ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። በቀይ ባሕር ዳርቻ ከሚገኙት አንዱ ታላሲያ ሄምፕሪኪ ይባላል። ስሙ የቪልሄልም ሄምፕሪክ ነው። ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር፤ ከባልደረባው ከኤረንበርግ ጋር በቀይ ባሕር ዳርቻ ዕፅዋትና እንስሳት ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1825 ምፅዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ከእሱ በፊት ሃሎፊላ ስቲፑላሴያን ለሳይንስ የገለጸው ፎርስኮልም በ1763 የመን ውስጥ ነው ያረፈው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ነው የተቀጠፉት። ሃሎፊላ ስቲፑላሴያ ግን ሄደ፣ ሄደ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ሜዲትራኒያን ገባ። በ2002 ካሪቢያን ላይ ተገኘ።

ጥያቄ፦ የካርታ ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና ነው። ባሕር የሌለው አገር ተቀምጬ ይህን ነገር ማጥናት እችላለሁ?
(ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ ትችላለህ፣ ወንድሜ፤ የአንተ ሙያ ደግሞ በተለይ ይጠቅማል። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት ሳተላይቶች ምስል በነፃ ይገኛል። እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር ነው፤ በየ5 ቀኑ ገደማ አንድ ምስል ታገኛለህ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለው ተቀምጧል። ውሃው ጥርትና ዝቅ ያለ ከሆነ የሣር ሜዳ ጠቆር፣ አሸዋ ነጣ ብሎ ይታያል። ወደ ኋላ መሄድ ከፈለግህ የላንድሳት ምስሎች ባለ 30 ሜትር ሆነው ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሉ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ምስሉ የሚያሳይህ ሣሩ የሸፈነውን ቦታ ነው። ስንት እንዳመረተ አያሳይህም፤ ለተማሪዋ የሰጠሁትን መልስ አንብብ። ሁለተኛ፣ የውሃው ከፍታ ሲለወጥ ጥቁሩም ነገር ይለወጣል። ጋሼ የነገሩንን የሐምሌ መጉደል ሳታስብ ጥርንና ሐምሌን ብታወዳድር ያልተለወጠ ሜዳ የተለወጠ ይመስልሃል።

ዕፅዋቱን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከቢሮህ ሩቅ አይደለም፤ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው፣ የሚጀምረው ሃሎፊላና ታላሲያ ባሉበት ቤተሰብ ነው። እሱን ይዘህ ጀምር።

ከዳህላክ ደሴቶች ብትነሳ ደስ ይለኛል። የአንድ ዓመት ምስል ውሰድ፤ ደመና ያለበትንና ፀሐይ ውሃው ላይ የምታብለጨልጭበትን ቀን ጣል። ለየወሩ አንድ ጥሩ ምስል ካገኘህ ይበቃሃል። ያገኘኸውን ላክልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።